ብየዳ የሌለው ቧንቧ

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ዓመታት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ "ንጹሕ ካርበን ሁለት መልክ አለው፤ አልማዝና ግራፋይት፤ አለቀ" እያልኩ ሳስጽፍ ኖሬአለሁ። "አለቀ" የምትለዋ መጽሐፉ ላይ የለችም፤ ከራሴ የጨመርኳት ናት። አይ እኔ! በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ውጭ አገር ለትምህርት ከሄደ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አንድ ወፍራም ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ የጥናት ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ነበር። ዳሩ ላይ በእጁ "አላለቀም፣ ወንድሜ" ብሎ ጽፎበታል። ያን ቀን እራት አልበላሁም፤ ሰው ሲበልጠኝ አልወድም።

ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው። ሁለት የካርበን ዘንጎች አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው የጥፍር ውፍረት የምታህል ክፍተት ትተዋለህ። ከባድ ኮረንቲ ስትለቅባቸው አንደኛው ዘንግ ሳይቀልጥ ይተንናል። ሌላኛው ደግሞ ጫፉ ላይ ጥቁር ነገር ያበቅላል። የበቀለው ነገር ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠኑ ቧንቧዎች አሉ፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባ፣ ሁሉም ካርበን። ጓደኛዬ መጨረሻው ላይ "እዚያ ብትሠራው ላክልኝ፤ በእኛ ማይክሮስኮፕ አየዋለሁ" ብሏል። ሲያሾፍ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን ቆረጥኩ።

ካርበኑ ችግር አልነበረም፤ ያለቀ የራዲዮ ድንጋይ ሰብሮ መሐሉ ያለውን ጥቁር እንጨት ማውጣት ነው። ኮረንቲው ነው ጉዱ። በሰፈራችን፣ በለቡ መብራት ኃይል፣ ያን ያህል ኮረንቲ የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከተከራየነው ቤት ሦስት አጥር አልፎ፣ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በርና መስኮት የሚሠሩ ጎልማሳ በያጅ ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቲቸር ይሉኛል። ቤት ስንገባ በራችንን በነጻ ያቃኑልን እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳላያቸው አላልፍም ነበር። ባለቤቴ "ከእኔ ጋ ከምታወራው ከእሳቸው ጋ የምታወራው ይበልጣል" እያለች ትተርበኛለች።

ስለ እሳቸው የማውቀውን አሁኑኑ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ወርክሾፑ ውስጥ አግቶን ሳለ፣ እንደዋዛ፣ አባታቸው አገር ቤት ቀጥቃጭ እንደነበሩ ነገሩኝ። ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ። ቀጥቃጭ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ጅብ ይሆናል። ሰው ማረሻውን ይዞ ይሄዳል፣ ልጁን ግን ከፊታቸው ይሸሽጋል። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ ወሬው ተከትሏቸው ሁለት ጊዜ ሰፈር ለቀዋል። "ሦስተኛ አልችልም፣ ቲቸር" አሉኝ። "ልጆቼ እዚህ ትምህርት ቤት ገብተዋል። እዚህ በያጅ ነኝ፤ በያጅ ማለት የከተማ ሥራ ነው፣ አባትህ ማነው የሚልህ የለም።" እኔም አፌን ሞልቼ "እኔ ጋ የገባ ነገር እኔ ጋ ይቀራል" አልኳቸው።

ስለ ካርበኑ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቆይተው ግን ከወፍራም ቱቦ አንድ ጎመድ ቆረጡ፣ ጫፍና ጫፉን በክዳን ዘጉ፣ ጎኑን በስተው የብየዳ መነጽር ጥቁር መስታወት ገጠሙበት። አየሩን የሚመጥልን ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ሞተር ነው። አሉሚኒየም ከሚበይድ ወዳጃቸው ደግሞ በአየሩ ፋንታ የምንሞላውን አርጎን የሚባል ጋዝ በሲሊንደር ተዋስን። የሥራ ቀን ማሽኑ ለእንጀራ ነው፤ ስለዚህ የምንሠራው እሑድ ከሰዓት ብቻ ሆነ። ሰንበት ላይ መሥራታችን ለሰፈሩ የመጀመሪያው መጥፎ ነገር መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም።

ሦስት እሑድ ከሸፈ። ዘንጎቹ በሰም የተነከሩ ኖረው ቅባት ያለው ጭስ ተፉብን፤ በሚቀጥለው ቀድመን በፍም አቃጥለን አደረቅናቸው። ከዚያ ደግሞ ሁለቱም ዘንጎች እኩል አለቁ፣ የበቀለ የለም፣ ጥላሸት ብቻ። ጋሼ ናቸው የደረሱበት። "ኮረንቲው እየተመላለሰ እኮ ነው፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ማን ላይ ይብቀል?" አሉኝ። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ አላሰብኩትም፤ አፈርኩ። አንድ መንገድ ብቻ የሚሄድ ኮረንቲ የሚሰጥ አሮጌ ማሽን ከሳሪስ በጋሪ አስመጡ።

ማሽኑ እስኪመጣ ደግሞ ነገሩን በወረቀት አስረዳኋቸው። የተነነው ካርበን ብቻውን መኖር አይችልም፣ አልኩ። እያንዳንዱ ሦስት ጎረቤት ይፈልጋል። ሲቀዘቅዝ ይገናኙና በስድስት በስድስት እንደ ማር እንጀራ ይደረደራሉ፤ ሉህ ይሆናሉ። የሉሁ ዳር ላይ ያሉት ግን በአንድ ወገን ጎረቤት የላቸውም። ስለዚህ ሉሁ ይታጠፍና ዳርና ዳሩ ይያያዛል፣ ቧንቧ ይሆናል። ጥላሸት ውስጥም ሉሆቹ አሉ፤ ዝብርቅርቅ ብለው ነው እንጂ። ሙቀቱ ከበረታና ከቆየ ቀስ በቀስ ይስተካከላሉ፣ ቀዳዳቸው ይደፈናል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይተኛል። ያኔ ግራፋይት ሆነ ማለት ነው።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ላሜራ ጠቅልለው ቧንቧ የሠሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። "ብየዳው የት ጋ ነው?" አሉኝ።

"ብየዳ የለውም።"

"ሳይበየድ? ሉህ ተጠቅልሎ፣ መገጣጠሚያው ሳይታወቅ?"

"ሳይታወቅ።"

ወረቀቱን በጣታቸው ጠቅልለው ዳርና ዳሩን አገጣጠሙ። ቆይተው "ሲያድግስ፣ ጫፉ ክፍት ሆኖ ነው ወይስ ተዘግቶ?" አሉኝ። ጽሑፉ ውስጥ ትልልቆቹ ሊቃውንት የሚከራከሩት በዚህችው ጥያቄ ነበር፤ መልሱ የለም። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያየው፣ እሳት ውስጥ የሚሠራ ነገር። "እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር ደስ አይለኝም" አሉ ጋሼ፣ ግን ሥራውን አላቆሙም።

አራተኛው እሑድ ሰማዩ ጠቁሮ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መንገዱ ጨልሞ ነበር። ማሽኑን ስንለቀው የመንገዱ መብራት ሁሉ ደከመ፤ በየቤቱ ያለ ራዲዮ ተንጫጫ። የጎረቤት ውሻ አልጮኸም፤ ከአጥሩ ሥር ተጋድሞ እንደ ሕፃን ያቃስታል። በጥቁሩ መስታወት አየሁ። መሐሉ ላይ አረንጓዴ የሚመስል ብርሃን አለ። አንደኛው ዘንግ እያጠረ ወደ ብርሃኑ ይገባል፤ ከማዶ ሌላኛው ወደ እኔ ይመጣል። ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ይረዝማል። ጋሼ የሚያጥረውን በሚዞር ብሎን እየገፉ ክፍተቱን ይጠብቃሉ። ጫፉ ላይ ዓይን ያለ ይመስል እኔን የሚያየኝ መሰለኝ።

አጥፍተን፣ አቀዝቅዘን፣ ክዳኑን ስንፈታ የውስጡ ግድግዳ ድር አድርቶ አገኘነው። ጥቁር ድር፤ ክሩ ከክዳኑ እስከ ዘንጉ ተንጠልጥሎ። ትንፋሼ ሲነካው ተወዛወዘ። ጋሼ ፊታቸውን መለሱ፣ "በስመ አብ" አሉ። የረዘመው ዘንግ ጫፍ ላይ የበቀለው ነገር ውጩ ግራጫ ቅርፊት ነው፣ ጠንካራ። በቢላዋ ስሰብረው መሐሉ ለስላሳ ጥቁር፣ ቃጫ ቃጫ የሚል። እዚያው ቆሜ ጨፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ጨፈርኩ።

ባለቤቴ መክሰሳችንን ይዛ የመጣችው በሚቀጥለው እሑድ ነው። "እስቲ ልየው ይኼን ጉዳችሁን" ብላ መስታወቱ ላይ ጎንበስ አለች። ብዙ አየች። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። "ይመጣል እኮ" አለች። "ወደ ሰው ነው የሚመጣው።" ጋሼ ውኃ ሰጧት፣ ወንበር ሰጧት። "ደህና ነሽ፣ እመቤቴ?" እያሉ ቆመው አዩዋት። እሷን ያዩት ያኔ ነው። ይህን ደግሞ ከመንገድ ማዶ የምትኖር ጎረቤታችን አይታለች።

ማክሰኞ ባለቤቴ ተኛች። ትኩሳቱ እንደ ፍም ነው። ሐሙስ ላይ መቃዠት ጀመረች። ጣሪያውን እያየች "አጥፉት፣ እያደገ ነው፣ አፉ ዝግ ነው" ትላለች። በቀን፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ዓይኗን ገልጣ። እጇን ዘርግታ ከአየር ላይ የሆነ ክር ትለቅማለች። ያንን ድር እሷ አላየችውም፤ እኔም አልነገርኳትም።

እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። ጎረቤቲቱ ያየችውን ሹክ ብላታለች። እናቴ በሩን ዘግታ ከፊቴ ቆመች።

"ያ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?"

"በያጅ ናቸው፣ እማዬ። ከተሜ ናቸው።"

"ሥራውን አልጠየቅኩህም። የማን ልጅ ነው አልኩህ።"

"ተይኝ እስቲ።"

"ሚስትህ እየሞተች ነው፣ አንተ ተይኝ ትለኛለህ። እኔ ነኝ ያሳደግኩህ፤ ዓይንህን አይቼ አውቃለሁ። የምታውቀው ነገር አለ።"

ነገርኳት። በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። "አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ" አልኩ፣ ሌላ አልጨመርኩም። እናቴ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ነጠላዋን አደግድጋ "ከልብሱ ቁራጭ አምጣ" አለች። ቡዳ የበላውን ሰው ከበላው ሰው ልብስ ቆርጠው ያጨሱታል፤ ያኔ በታመመው አፍ ይለፈልፋል፣ ይለቃል ይባላል።

መቀሱን ከባለቤቴ የስፌት ቅርጫት አወጣሁ። ወርክሾፑ ውስጥ ጋሼ አልነበሩም፤ ምሳ ሄደዋል። ቱታቸው ከምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዝናብ ስለነበር እርጥብ ነበር። ከታች፣ ከእግሩ ጠርዝ፣ አንድ ጣት የምታህል ቆረጥኩ። እዚያው ጎን ያ ቱቦ ተቀምጧል፣ ክዳኑ ክፍት፣ ውስጡ ጥቁር። የኬሚስትሪ አስተማሪ መቀስና ጨርቅ በኪሱ ይዞ ወጣ።

እናቴ ገል ላይ ፍም አድርጋ አጨሰቻት። ባለቤቴ አሳላት፣ አለቀሰች፣ ስለ ጥቁሩ ነገር ለፈለፈች። የጋሼን ስም ግን አልጠራችም። እናቴ "ተደብቋል" አለች። እኔ ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም፤ ተሸክሜያት ወጣሁ፣ ታክሲ ለምኜ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሆዷን ነካ፣ ደሟን አስመረመረ፣ "ታይፎይድ ነው፤ ምን ስትጠብቁ ነበር እስከዛሬ?" ብሎ ተቆጣኝ። ካፕሱል ታዘዘላት። በሁለት ሳምንት ቀና ብላ ሾርባ መጠጣት ጀመረች። እሰይ፣ ብዬ አለቀስኩ።

ሰፈሩ ውስጥ ግን ያዳናት ካፕሱሉ አልነበረም። እናቴ ለጎረቤቲቱ ነገረች፣ ጎረቤቲቱ ለማኅበሯ ነገረች። የሚደክመው መብራት፣ የሚንጫጫው ራዲዮ፣ የሰንበቱ ሥራ፣ እሳት ውስጥ እያደገ የሚወጣው ጥቁር ነገር፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። በር ያዘዙ ሰዎች በሩን ሳይወስዱ ቀሩ። ሴቶች በወርክሾፑ ፊት ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እኔ አንድ ቀን ወጥቼ "ታይፎይድ ነው፤ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ይኸው" ብል ይበቃ ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላልኩም። ብናገር "ታዲያ ጨርቁን ማን አመጣው?" ሊሉኝ ነው።

ጋሼ ባለቤቴን ሊጠይቁ መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። እናቴ ገና ድምፃቸውን ስትሰማ ነጠላዋን በባለቤቴ ፊት ላይ ጣለች። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይህን አዩ። ቱታውን ለብሰውት ነበር፤ የተቆረጠው ጠርዝ በመቀስ ስለሆነ ቀጥ ያለ ነው፣ ከሩቅ ያስታውቃል። "እግዜር ይማርሽ፣ እመቤቴ" አሉ ለነጠላው። ብርቱካኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ባለቤቴ ነጠላውን ከፊቷ ገፋ አድርጋ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ የጓደኛዬ ደብዳቤ መጣ፣ ከፎቶ ጋር። የላክሁለትን ጥቁር ዱቄት አይቶታል። ማሾፉን ትቶ ነበር፤ "አለ" ይላል፣ "ብዙ ባይሆንም አለ።" ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች፣ ከግራም ከቀኝም እኩል፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ መሐሉ ባዶ። ጫፉ ላይ ቧንቧው ጎበጥ ብሎ ተዘግቷል። ዙሪያውን ገና ያልተስተካከለ ጥላሸት ለብሷል። ፎቶውን ይዤ ወደ ወርክሾፑ ሮጥኩ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ መሮጤ አሁንም ያስገርመኛል። ጋሼ መስመሮቹን በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ። በአንድ ወገን አሥራ አንድ፣ በሌላውም አሥራ አንድ። "እሺ" ብለው ፎቶውን መለሱልኝ። "እኔ ቅዳሜ ልለቅ ነው፣ ቲቸር።"

ቅዳሜ ሊያግዝ የመጣ ጎረቤት አልነበረም። እኔ ብቻ ሄድኩ። ማሽኑን፣ አልጋውን፣ የልጆቹን ደብተር የያዘውን ካርቶን አብረን መኪና ላይ ጫንን። ልጆቹ ዕቃው ላይ ተቀምጠው ትምህርት ቤታቸው ወዳለበት አቅጣጫ ያያሉ። የት እንደሚሄዱ አልነገሩኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። መኪናው ሊነሣ ሲል ጋሼ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ።"

"ይጠይቁኝ፣ ጋሼ።"

"ጨርቁን ስትቆርጥ አምነህ ነበር?"

"አምኜ ነበር" አልኳቸው። "ልትሞትብኝ ነበር። አምኜ ነበር።"

ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ፊታቸው ላላ። "እንግዲያው ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ። "የፈራ ሰው ያገኘውን ያምናል፤ እኔም ልጄ የታመመ ቀን ያላመንኩት ነገር የለም። ሳታምን ቆርጠኸው ቢሆን ነበር የማልችለው።" ትከሻዬን ስመው ከሾፌሩ ጎን ገቡ።

መኪናው ወደ ፉሪ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። አላመንኩም ነበር። መቀሱን ስይዝ በሽታው ታይፎይድ ሳይሆን እንደማይቀር እንኳ ገምቼ ነበር። እናቴን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው የቆረጥኩት።